ቁልፉን ሳወጣ የሚመጣው ሽንት

ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ ስመለስ ሽንት የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም። ከተማ ገብቼ እወርዳለሁ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም እገዛለሁ፤ የማውቀው ሰው ካገኘሁ ቆሜ አወራለሁ፤ ምንም የለም። የግቢያችን የቆርቆሮ በር ከሩቅ ሲታየኝ ግን ይጀምረኛል። ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ከትቼ ቁልፉን ስፈልግ ይብሳል። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባማ እግሬን አጣብቄ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ የያዝኩትን ፌስታል የትም ጥዬ ወደ ጓሮ ሩጫ ነው። አንዳንድ ቀን እደርሳለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ በግልጽ እናውራ ከተባለ፣ ሙሉ በሙሉ አልደርስም።

እህቴ ትስቅብኛለች። «ሽንትሽ የቤቱን አድራሻ ያውቀዋል እንዴ?» ትለኛለች። እኔም አብሬያት እስቅ ነበር። ጥያቄው ግን ውስጤ ቀረ። እውነትም፣ ቅድም ቲማቲም ስመርጥ የት ነበር? በዚያች አጭር መንገድ ከየት መጣ?

ሒሳቡ አይገጥምም። ብዙ ውሃ ካልጠጣን በስተቀር ኩላሊታችን በደቂቃ የሚያወርደው ሽንት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ከቲማቲም ሻጯ እስከ በራችን አሥር ደቂቃ ብሄድ ፊኛዬ ላይ የሚጨመረው ከሩብ ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። ቁልፉን ከማውጣቴ እስከ መክፈቴ ባለው ጊዜማ የሚጨመረው ጠብታ ነው። የአዋቂ ሰው ፊኛ ደግሞ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ሲይዝ «አለሁ» ማለት ይጀምራል እንጂ 400ም 500ም ይችላል። በጠብታ ምክንያት እንደዚያ የሚያስሮጥ ነገር የለም።

በልኬት ጆግ መለካትም ጀምሬ ነበር (እህቴ ይህን ብታነብ ጆጉን ትጥለዋለች)። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ግማሽ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ይወጣል፤ እሱን ይዤ ነጠላዬን ደርቤ፣ ጫማዬን ፈልጌ፣ ተረጋግቼ ነው ወደ ጓሮ የምሄደው። በሩ ላይ እንደዚያ ያጣደፈኝ ሲለካ አንድ የሻይ ብርጭቆ የማይሞላበት ቀን አለ።

«ብርድ ነው»

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሆድ ቢነፋ ብርድ ነው፤ ወገብ ቢይዝ ብርድ ነው። ለእኔም የተሰጠኝ መልስ ያው ነበር። አንዷ «ድንጋይ ላይ መቀመጥ ትወጃለሽ፣ እሱ ነው» አለችኝ። ሌላዋ ፌጦ በሎሚ አዘዘችልኝ። ነጭ ሽንኩርት ያላዘዘልኝ ሰው የለም።

ይህን እንደ ተራ ወሬ አላጣጥለውም፤ ግማሹ እውነት ነው። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው የምንኖረው። ህዳርና ታህሳስ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጥቶ ነው የሚያድረው። ሰውነት ሲበርደው ከቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ደሙ ወደ መሀል ይሰበሰባል። መሀል ላይ ደም ሲበዛ ሰውነት «ፈሳሽ በዝቶብኛል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዘው ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ሽንቱ ይበዛል። ይህ የእውነት ሽንት ነው፣ ጆጉ ላይ ይታያል። ማረጋገጫው ቅርብ ነው፦ ጣርማ በር ላይ በጋቢ ተጠቅልለን ተንቀጥቅጠን ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ውሃውን እንደ ግመል እየጠጣን እንኳ ፊኛችን ዝም ይላል። የጠጣነው በላብ ነዋ የሚወጣው።

ብርዱ ግን በሩን አያስረዳልኝም። ሚያዝያ ላይ፣ ፀሐይዋ አናት እያቃጠለች፣ በሩ ያው ነው። ሌላም አለ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲያሻው ሌሊት ይመጣል። በርሜሉ ውስጥ መንቆርቆር ሲጀምር እኔ ከእንቅልፌ የምነቃው በርሜሉን ልሞላ አይደለም። ዕቃ ሳጥብ እጄ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባም እንደዚሁ። መኝታ ቤት ጥግ ያለውን ፖፖ በዓይኔ ማየት ብቻ የሚበቃበት ሌሊት አለ። ብርድ፣ ድምፅ፣ ንክኪ፣ ዕይታ፤ ሁሉም በየፊናው ፊኛዬን ያዝዛል።

እማማ በር ላይ ያቆሙኝ ዕለት

ማምሻውን ነው። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፣ እግሬ ተቆላልፏል፣ የማስበው ነገር ቢኖር ጓሮውን ብቻ ነው። ከኋላዬ «አንቺ ልጅ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ከልቅሶ መመለሳቸው ነው። ከልቅሶ ለመጣ ትልቅ ሰው ጀርባ ሰጥቶ ግቢ መግባት በእኛ ሰፈር አይደረግም። ዞርኩ።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት ዋሉ እማማ?»

«ተመስገን። እናትሽስ? ጉልበቷ ተሻላት?»

«ደህና ናት፣ ተሽሏታል።»

«ልጆቹስ? ከብቱስ? አገሩስ ሰላም ነው?»

ከብት የለንም፤ እማማ ግን ሳይጠይቁ አያልፉም። ሰላምታው ሲያልቅ ወደ ሟቹ ገባን። የመንዝ ሰው ናቸው፣ የመሐል ሜዳ። ስማቸውን ሲነግሩኝ አላወቅኋቸውም። «እንዴት አታውቂም? የአባትሽ ወገን አይደሉ?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ መቁጠር ጀመሩ፤ የእነ እገሌ አባት የእነ እገሌ ወንድም፣ የእሳቸው ልጅ ያገባት የአያትሽ የእህት ልጅ። እኔ ደግሞ እዚህ ላይ ሰነፍ አይደለሁም። «እንዴ፣ እሷማ በእናት በኩል ነው የምትመጣው» ብዬ ተከራከርኩ። ተከራከሩኝ። ወደ ኋላ ሄደን፣ አንድ ቅድመ አያት ላይ ተሳስተን፣ እንደገና ጀምረን፣ በመጨረሻ ገጠመልን። ሟቹ እውነትም ዘመዴ ኖረዋል። ነፍስ ይማር አልኩ። እማማ መርቀውኝ፣ «ነገ ድንኳኑ ጋ እንዳትቀሪ» ብለውኝ ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሽንቴ የለም።

ችዬው አይደለም። መቻልን አውቀዋለሁ፤ ጥርስ ያስነክሳል፣ ወሬ አያስወራም። ይሄ ግን ጭራሹን ጠፍቷል። ያ ሁሉ መቆላለፍ፣ ያ ሁሉ መጨነቅ፣ እማማ ዘር ሲቆጥሩ የት እንደገባ አላውቅም። ሽንቱ ደግሞ የትም አልሄደም፤ እንዲያውም በቆምንበት ጊዜ ኩላሊቴ ሥራውን ስላልተወ ጨምሯል። የጨመረ ሽንት እንዴት ይጠፋል?

ወደ በሩ ዞርኩና ቁልፉን አነሳሁ። መጣ። ያውም እንደ ቅድሙ። ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ትንሽ ቆይቶ ቀለለ። እንደገና ቁልፉን አወጣሁ፤ እንደገና መጣ። አላፊ አግዳሚው ምን እንዳለኝ እንጃ፤ የገዛ ግቢዋ በር ላይ ቁልፍ እያወጣች የምታስገባ ሴት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ትንሽ ፈራሁ። እንግዲህ የእኔ ሽንት የሚታዘዘው ለማን ነው? ለእኔ ነው ወይስ ለዚህ ቆርቆሮ?

ኮቴ የሰሙት ውሾች

ካነበብኩትና ከጠየቅኩት የተረዳሁት ይህን ነው። ፊኛ ሲሞላ መልእክት ይልካል፤ የመሽናቱን ትእዛዝ የሚሰጠው ግን የአንጎል ግንድ ላይ ያለ አንድ ትንሽ ቦታ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ባሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1925 በድመቶች ላይ ሠርቶ አሳይቶታል፤ ቦታውም በስሙ ይጠራል። ከዚያ ቦታ በላይ ደግሞ ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ትእዛዙን ይዞ ይቆያል። ቦታው ነው ወይ? ጊዜው ነው ወይ? ሰው የለም ወይ? ሕፃን ይህን መያዣ ገና ስላላበጀ ነው ያገኘበት የሚሸናው። እኛ ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላን ጀምሮ ተምረነዋል።

የእኔ የቆርቆሮ በር ለሦስቱም ጥያቄ «አዎ» የሚል መልስ ነው። ቦታው ደርሷል፣ ጊዜው ደርሷል፣ ሰው የለም። ያዡ ላላ ይላል፤ እስከዚያ ድረስ ሹክ ሲል የነበረው ፊኛ መጮህ ይፈቀድለታል።

ሩሲያዊው ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ምርምሩ ነው። ስሙን ያስጠሩት ግን ውሾቹ ናቸው፤ ምግቡ ሳይቀርብ፣ የሚያበላቸውን ሰው ኮቴ ሲሰሙ ምራቃቸው የሚወርድ ውሾች። ቁልፌ ኮቴ ነው። ቤት በደረስኩ ቁጥር ቁልፍ፣ ሩጫ፣ ከዚያ ያ እፎይታ። እፎይታው ሩጫውን ይሸልመዋል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። የበርሜሉን ድምፅ ሳስብ ደግሞ እናቶቻችን ትዝ ይሉኛል። ሕፃን ልጅ ለማሸናት ደጅ አውጥተው፣ እግሩን ከፈት አድርገው ይዘው «ሽሽሽሽ» የማይል ማን አለ? አፋችንን ሳንፈታ የውሃ ድምፅና መሽናትን አንድ ላይ ነው የተማርነው። አርባ ዓመት ቆይቶ በርሜል ቢቀሰቅሰን ምን ይገርማል።

እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ማወቄ ደግሞ አሳረፈኝ። ሐኪሞች ዘንድ ነገሩ ከበር ቁልፍ ጋር የተያያዘ ስም እስከ ማግኘት ደርሷል። አሜሪካ ውስጥ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ የሚያጣድፋቸውን ሴቶች ሽንታቸውን የሚያመጣባቸውን ቦታ፣ የገዛ ቤታቸውን በር ጭምር፣ ፎቶ እንዲያነሱ አድርገው ነበር። በኋላ ፎቶውን እያሳዩ አንጎላቸውን ተመለከቱ። በሩ በሌለበት የበሩ ፎቶ ብቻውን ያጣድፋቸው ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ እነሱ ደግሞ የልጡን ፎቶ አይተው በረዩ።

«ሽንት ያለበት!»

የደሴን አውቶብስ የተሳፈረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጣርማ በርን አልፎ፣ ዋሻውን ተሻግሮ፣ ያንን ጠመዝማዛ ወርዶ ደብረ ሲና ሲደርስ ረዳቱ በሩን ይመታና «አሥር ደቂቃ! ሽንት ያለበት!» ይላል። እስከዚያ ድረስ ግማሹ ሰው አንገቱን ጥሎ ተኝቷል። ቃሉ ሲወጣ ሁሉም ይነሳል። አንድ ጊዜ አጠገቤ የነበሩ ሰውዬ «እኔ የለብኝም፣ ቆሎ ልግዛ» ብለው በመስኮት መደራደር ጀመሩ። የወረዱት ሰዎች ወደ አጥሩ ሲሰለፉ ሲያዩ ቆሎውን ትተው ወረዱ።

ለወንዱ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ጀርባውን ይሰጣል፣ በቃ። ሴቷ ግን ከመሳፈሯ በፊት የምትሳለው ካርታ አላት፤ የቱ ምግብ ቤት ሽንት ቤት አለው፣ የቱ ይዘጋል፣ የቱ አምስት ብር ይጠይቃል። ይህ ራሱ ያናድደኛል። ቀስቃሹ በየመንገዱ አለ፤ ማረፊያው ግን የለም። መፍትሔያችን ደግሞ ውሃ አለመጠጣት ነው፤ ጠዋት ከቤት ስወጣ እስከ ማታ አንድ ብርጭቆ የማልጠጣበት ጊዜ ነበር። አልጠቀመኝም። የጠቆረ፣ የተጠራቀመ ሽንት ፊኛውን ይበልጥ እንደሚያስቆጣው በኋላ ተነገረኝ።

በአንጻሩ ቅዳሴ ላይ ለሰዓታት ቆሜ አንድም ቀን አጣድፎኝ አያውቅም። እርግጥ እህልም ውሃም ሳይቀመስ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ሙሉ ምስክር ሊሆነኝ አይችልም። ግን ውርጩ ያው ነው፣ ድንጋዩ ያው ነው፣ እግሬም ባዶ ነው። ብርዱ ብቻውን የሚያዝ ቢሆን ኖሮ ቅዳሴውን አልጨርስም ነበር።

ቆሞ ዘር መቁጠር

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ሽንቴንና ስኳሬን አስመረመረችኝ፤ ደህና ነው። መጀመሪያ ይህን ማድረጓን ወድጄላታለሁ፤ ምክንያቱም ሲሸኑ ማቃጠል፣ ደም፣ ትኩሳት፣ የማይረካ ጥም፣ ወይም በአንድ ጊዜ የመጣ ለውጥ ካለ ነገሩ የበርና የቁልፍ አይደለም፤ ኢንፌክሽን ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። ወንዶችም ዕድሜያቸው ሲገፋ ፕሮስቴት የሚባለው ከፊኛ ሥር ያለው ዕጢ ሊያብጥባቸው ይችላል። የእማማን ነገር ስነግራት ሳቀች፤ «መድኃኒትሽን እኮ ራሳቸው ሰጥተውሻል» አለችኝ።

የነገረችኝ ይህን ነው። ሲያጣድፍሽ አትሩጪ፤ ሩጫው ራሱ ያባብሳል። ባለሽበት ቁሚ ወይም ተቀመጪ። ሽንትሽን መሀል ላይ እንደምታቋርጪ አድርገሽ ያንን ጡንቻ ቶሎ ቶሎ ጨበጥ ለቀቅ አድርጊ። ጡንቻው ሲጨበጥ ፊኛው «ጊዜው ገና ነው» የሚል መልእክት ይደርሰውና ይላላል። አሜሪካዊው ሐኪም ኬገል እ.ኤ.አ. በ1948 የዚህን ጡንቻ ልምምድ ካስተዋወቀ ወዲህ በየሀገሩ ለሴቶች የሚታዘዝ ነገር ነው። ፍላጎቱ መጥቶ፣ ከፍ ብሎ፣ ያልፋል። ካለፈ በኋላ በእርጋታ ሂጂ። እስኪያልፍ ድረስ አሳብሽን ሌላ ቦታ ውሰጂው፤ ከመቶ ወደ ኋላ ቁጠሪ።

ከመቶ ወደ ኋላ መቁጠር ለእኔ አልሆነም፤ ዘጠና ላይ ሳልደርስ ጓሮው ይታየኛል። ስለዚህ የማውቀውን ቆጠርኩ። በሩ ላይ ቆሜ የአባቴን ወገን እስከ ሰባት ቤት፣ ካልበቃኝ የእናቴን። አምስተኛው ላይ ሁልጊዜ ይምታታብኛል፤ እሱ ነው የሚጠቅመኝ። ከዚያ ከፍቼ እገባለሁ፣ ሽንኩርቱን ወጥ ቤት አስቀምጣለሁ፣ ጫማ እቀይራለሁ፣ ከዚያ እሄዳለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስቸጋሪ ነበሩ። እያደር በሩ በር ብቻ እየሆነ መጣ። «ለማንኛውም» ብሎ ከቤት ሲወጡ፣ ከቢሮ ሲወጡ መሽናትንም ቀነስኩ፤ እሱም ፊኛን በትንሽ ማስለመድ ነው አለችኝ።

በርሜሉ ግን እስካሁን ያሸንፈኛል። ሌሊት፣ ብርድ፣ ግማሽ እንቅልፍ፣ ያ የውሃ ድምፅ። በእንቅልፍ ልብ ዘር መቁጠር የሚችል ሰው ካለ ይምከረኝ።

ቡና ላይ

ይህን ሁሉ ለሴቶች ያወራሁት አንድ እሁድ ቡና ላይ ነው። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። አንደኛዋ «የእኔ የሊፍት በር ነው» አለች፤ ከተማ ውስጥ ፎቅ ላይ ነው የምትሠራው። ሌላዋ እጇን ልትታጠብ ቧንቧ ስትከፍት ነው። አንዷ ስስቅና ሳስነጥስ ያመልጠኛል አለች፤ ከሦስተኛ ልጇ ወዲህ ነው፤ የእሷ ሌላ ዓይነት ነው፣ ከቀስቃሽ ይልቅ የጡንቻ መላላት ነው፣ ግን ያው የኬገል ልምምድ ይረዳታል።

ከሁሉም ያስደነገጡኝ አንድ እናት ናቸው። ልጃቸው ሸዋ ሮቢት አግብታ ትኖራለች፤ ወልዳም አልሄዱም። ቆላው አይስማማኝም እያሉ ነበር የሚያሳብቡት። «መኪናው መሀል ላይ ቢያመጣብኝስ ብዬ ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ጀበናው አዙረው። ጀበናዋ ጋ ያለችው ልጅ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለም እንዴ እማማ» ስትላቸው «ለማን ልንገር? ለሹፌሩ?» አሏት። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ ጠዋት በሚወጣው መኪና፣ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር፣ እኔ ጎናቸው ሆኜ። ደብረ ሲና ላይ ሽንት ቤቱ ንጹሕ የሆነውን ምግብ ቤት የምታውቅ ተገኘች። ለሹፌሩ የምነግረው እኔ ነኝ።

«ቡናውንስ ልተው?» አሉኝ። ካፌይን ፊኛን እንደሚያስቆጣ፣ የለመደ ሰው ላይ ሽንት የማብዛቱ ነገር ቢቀንስም ለሚያጣድፈው ሰው መቀነሱ እንደሚሻል ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን አየት አደረጉት።

«በረካውን እተዋለሁ» አሉ። «ቶናውንም ስንሄድ እናያለን። አቦሉን ግን እንዳትነኪብኝ።»